ሐኪሙ ከወንዝ ማዶ ሲሆን
(የሐኪም ፈቃድና የስቴት ወሰን አጭር ታሪክ)



በየዓመቱ በምናወጣው በዚህ መጽሔት ስለ ወርሃዊ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ወንበር፣ እንዲሁም በሞት ስለተለዩን ወገኖቻችን ብዙ ተጽፏል። ዘንድሮ ግን ከቀብር በፊት ስላለው ነገር፣ ማለትም ስለ ሕክምና ጥቂት ማለት ፈለግን። እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው ቢባልም፣ ታሞ ያልጠየቁትን ሰው ሞቶ ቢያለቅሱለት ምን ይፈይዳል? አባቶቻችንም እድርን ሲመሠርቱ የታመመን መጠየቅን ከደንቡ ውስጥ ያስገቡት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንደሚታወቀው እኛ በአንድ እድር ሥር እንሰባሰብ እንጂ የምንኖረው በሦስት አስተዳደር ሥር ነው። ከፊላችን በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን፣ ማለትም በቨርጂኒያ፣ ከፊላችን በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማለትም በሜሪላንድ፣ የቀረነው ደግሞ በዋና ከተማው በዋሽንግተን ዲሲ ነን። ለቅሶ ሲሆን የፖቶማክ ወንዝ አግዶን አያውቅም። መልእክቱ ሲደርስ ሁሉም ድልድዩን ተሻግሮ ይመጣል።

የሐኪም ነገር ግን እንደዚህ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮው ተቀምጦ በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚያክም ሐኪም፣ ሕመምተኛው አሌክሳንድሪያ ቤቱ ውስጥ ከሆነ፣ የቨርጂኒያ የሥራ ፈቃድ እስከሌለው ድረስ በመሠረቱ ሊያክመው አይችልም። መንገዱ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ስልኩማ ወዲያው ነው የሚደርሰው። ታዲያ ይህን መስመር ማን አሰመረው? ለምንስ እስከ ዛሬ ቆየ? ብዙ አባላት ይህን ስለሚጠይቁ ታሪኩን ከመነሻው ማየት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መስመሩ እንዴት ተሰመረ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ሐኪም አንድም ቃል አይናገርም። በ1791 የጸደቀው 10ኛው ማሻሻያ ግን ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ ለየስቴቱ ወይም ለሕዝቡ የተጠበቀ መሆኑን ይደነግጋል። በዚህም መሠረት የሕዝብን ጤና የመጠበቅ ሥልጣን በየስቴቱ እጅ ቀረ።

ስቴቶቹ ግን ለረዥም ጊዜ በሥልጣናቸው እምብዛም አልሠሩበትም። እንዲያውም በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ብዙዎቹ ቀድሞ የነበራቸውን የፈቃድ ሕግ ሽረው ስለነበር፣ ሐኪም ነኝ ያለ ሁሉ ሐኪም ነበር። ዲፕሎማ በገንዘብ የሚሸጡ ትምህርት ቤቶችም ነበሩ። ቅጠል ቀቃዩም፣ ጠርሙስ ሻጩም፣ በትክክል የተማረውም በአንድ ገበያ ላይ ቆመው ሕመምተኛ ይጣሩ ነበር ማለት ይቻላል።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ስቴቶቹ አንድ በአንድ ሕግ ማውጣት ጀመሩ። ከነዚህም አንዷ ዌስት ቨርጂኒያ ናት። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ያወጣችው ሕግ፣ አንድ ሰው ሐኪም ሆኖ ለመሥራት ከታወቀ የሕክምና ኮሌጅ መመረቅ፣ ወይም ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በስቴቷ ውስጥ 10 ዓመት መሥራት፣ ወይም ደግሞ ፈተና ማለፍ አለበት የሚል ነበር። ፍራንክ ዴንት የተባለ ሐኪም ከ1876 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል፤ 10 ዓመት ግን አልሞላውም። ከሲንሲናቲ ያመጣውን ዲፕሎማ የስቴቱ የጤና ቦርድ አልቀበልም አለ። ሰውዬው ሥራውን ሳያቋርጥ ስለቀጠለ ተከሶ 50 ዶላር ተቀጣ። እርሱም በዚህ ሳያበቃ፣ እንጀራዬን ቀማችሁኝ ሲል እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1889 ለስቴቱ ፈረደ። ዳኛው ስቲቨን ፊልድ በጻፉት ፍርድ ላይ የተሰጠው ምክንያት በአጭሩ ይህ ነው፦ ሕመምተኛ የሐኪሙን ዕውቀት ራሱ መርምሮ ለማወቅ አይችልም፤ ስለሆነም ዕውቀት ያለው አካል መርምሮ የሰጠውን ፈቃድ ማመን አለበት። እንግዲህ የስቴት ፈቃድ በጽኑ መሠረት ላይ የቆመው ከዚህ ፍርድ ጀምሮ ነው።

በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለው የትምህርት ሊቅ በአሜሪካና በካናዳ የሚገኙ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን መርምሮ የብዙዎቹን ጉድ በአደባባይ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደካማ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የየስቴቱ የሐኪሞች ቦርድም ሥልጣኑ እየጠነከረ ሄደ። ቦርዶቹ በ1912 አንድ ፌዴሬሽን አቋቋሙ፤ ፈቃድ ሰጪነቱ ግን በየስቴቱ እንደተለያየ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። መስመሩ የተሰመረው ድሃውን ሕመምተኛ ከአጭበርባሪ ለመጠበቅ ነው። በዚያ ዘመን ሐኪምና ሕመምተኛ በአብዛኛው የሚገናኙት አንድ ክፍል ውስጥ ስለነበረ፣ ሐኪሙ ያለበት ስቴትና ሕመምተኛው ያለበት ስቴት ይለያያል ብሎ ያሰበ ሕግ አውጪ እምብዛም አልነበረም።

ሽቦው ሲዘረጋ

ስልክ በ1876 ተፈጠረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1879፣ ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አንድ ሐኪም ሌሊት የሕፃን ሳል በስልክ አዳምጦ የተፈራው የጉሮሮ በሽታ አለመሆኑን እንደተናገረ የሚገልጽ ወሬ አተመ። የርቀት ሕክምና የዛሬ ነገር ይመስለናል እንጂ ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ምስልን ከድምፅ ጋር ማገናኘት የተጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1959 የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች በሁለት አቅጣጫ በሚሠራ ቴሌቪዥን ማስተማርና ሕመምተኛ ማነጋገር ጀመሩ። በ1964 ደግሞ ኦማሃ ያለውን ተቋም በኖርፎክ ከተማ ከሚገኘው የአእምሮ ሆስፒታል ጋር አገናኙት፤ ርቀቱ 112 ማይል፣ ማለትም 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1968 የቦስተኑ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በዶክተር ኬኔት በርድ መሪነት ከሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ ክሊኒክ ጋር በቴሌቪዥን ተገናኘ። በ1970ዎቹም የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤቱ ናሳ በአሪዞና በረሃ በፓፓጎ ሕዝብ መንደሮች የሚዘዋወር የሕክምና መኪና ከሩቅ ካሉ ሐኪሞች ጋር በማገናኘት ሞክሮታል።

እነዚህ ሥራዎች ሁሉ ሲከናወኑ የፈቃድ ጥያቄ ጎልቶ አልተነሣም። ምክንያቱም ኦማሃና ኖርፎክ ሁለቱም ነብራስካ ውስጥ ናቸው፤ ሆስፒታሉና አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ቦስተን ናቸው፤ የአሪዞናው ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት በሚያስተዳድረው የሕክምና አገልግሎት ሥር ነበር። ሽቦው ረዘመ እንጂ ከስቴት ወደ ስቴት ገና አልተሻገረም ነበር።

ሕመምተኛው ያለበት ቦታ

ነገሩ የከረረው በ1990ዎቹ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት በየቤቱ ሲገባ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ስቴቶች በሕጋቸው ያጸኑት መርሕ እስከ ዛሬ ሁሉንም ነገር ይገዛል። ይኸውም፦ ሕክምናው የተሰጠው ሕመምተኛው በዚያች ሰዓት በሚገኝበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ የሕመምተኛው ስቴት ፈቃድ ያስፈልገዋል የሚል ነው። በ1996 የቦርዶቹ ፌዴሬሽን ለርቀት ሕክምና ብቻ የሚያገለግል ልዩ ፈቃድ ይሰጥ ሲል ሐሳብ ቢያቀርብም የተቀበሉት ስቴቶች ጥቂት ነበሩ።

«የባለሥልጣን ግትርነት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በ2005 የደረሰውን እናስታውስ። ካሊፎርኒያ የሚማር የ19 ዓመት ወጣት በኢንተርኔት የድብርት መድኃኒት ገዛ። ማዘዣውን የፈቀደው ኮሎራዶ ተቀምጦ የነበረ ሐኪም ነው። ልጁን አላየውም፤ አላነጋገረውም፤ የካሊፎርኒያ ፈቃድም አልነበረውም። ወጣቱ በዚያው ዓመት በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ሐኪሙ «እኔ ካሊፎርኒያ አልነበርኩም» ብሎ ተከራከረ። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2007 ሊከሰስ ይችላል አለ፤ በ2009ም የ9 ወር እሥራት ተፈረደበት። ፈቃድ የሚባለው ነገር ባይኖር ኖሮ ያ ቤተሰብ አቤቱታውን ለማን ያቀርብ ነበር? ተጠያቂ የሌለው ሐኪም ዳኛና ፀሐፊ እንደሌለው እድር ነው፤ ገንዘቡ ሲጠፋ የሚጠየቅ የለም።

በሌላ በኩል ደግሞ ለመስመሩ የሚሟገቱት ሁሉ ለሕመምተኛ አስበው ነው ማለት አይቻልም። ከሌላ ስቴት የሚመጣ ሐኪም ገበያችንን ይሻማናል የሚሉም አሉ። የሐኪም ዕውቀት በስቴት ወሰን አይለያይም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ሐኪም ሊሆን የሚሻ አብዛኛው ሰው በመላው አገሪቱ የሚፈተነው አንድ ዓይነት ፈተና ነው። ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ተመርቀው እዚህ የመጡት ሐኪሞቻችን ይህን ፈተና በስንት ድካም እንዳለፉት እናውቃለን። ሜሪላንድ ያለፈው ፈተና ቨርጂኒያ ሲደርስ አይረክስም።

ውል መግባት ተጀመረ

ታዲያ መፍትሔው ምን ሆነ? ስቴቶቹ መስመሩን ከማጥፋት ይልቅ እርስ በርስ ውል መግባትን መረጡ።

ቀዳሚዎቹ ነርሶች ናቸው። ጎረቤታችን ሜሪላንድ የነርሶችን ውል በ1999 ሥራ ላይ አዋለች፤ ቴክሳስ፣ ዩታና ዊስኮንሲን በ2000 ተከተሉ፤ ቨርጂኒያ ደግሞ በ2005 ገባች። በዚህ ውል አንዲት ነርስ በምትኖርበት ስቴት ባወጣችው አንድ ፈቃድ በሌሎቹ አባል ስቴቶችም ትሠራለች። ከእድራችን አባላት መካከል በነርስነት የሚያገለግሉ እህቶችና ወንድሞች ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።

የሐኪሞቹ ውል ዘገየ። በ2014 ተረቅቆ፣ በ2015 የሚፈለጉት 7 ስቴቶች ስለተሟሉ ጸና፤ የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች በ2017 ተሰጡ። አሠራሩ ከነርሶቹ ይለያል። ሐኪሙ አንድ ዋና ስቴት ይመርጣል፤ መዝገቡ ንጹሕ መሆኑ እዚያ ይጣራል፤ ከዚያ በኋላ በሚፈልገው አባል ስቴት ሁሉ ፈቃዱን በአጭር ጊዜ ያገኛል። ለማመልከቻው 700 ዶላር ይከፍላል፤ የየስቴቱ ክፍያም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ አጥሩ አልፈረሰለትም፤ በር ተከፈተለት ማለት ይሻላል። ዛሬ በዚህ ውል ውስጥ ከ40 በላይ ስቴቶች ያሉ ሲሆን፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲም ገብተውበታል። ሐኪሙ ያጠፋ እንደሆነ ሕመምተኛው ያለበት ስቴት ቦርድ ይጠይቀዋል። በዚህም የዴንት ፍርድ ያቆመው ጥበቃ አልተነካም።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም የራሳቸውን ውል በ2020 ሥራ ላይ አውለዋል፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ሦስቱም ዛሬ አባላት ናቸው። የፌዴራሉ መንግሥት በበኩሉ በ2018 ለጦር ሠራዊት ጡረተኞች መሥሪያ ቤት ሐኪሞች ብቻ ወሰኑን አንሥቷል፤ አንድ የዚያ መሥሪያ ቤት ሐኪም በየትኛውም ስቴት ያለን ጡረተኛ በቪዲዮ ማከም ይችላል።

የወረርሽኙ ዘመንና ከዚያ በኋላ

በመጋቢት 2020 ኮሮና ሲገባ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ተነገረ፤ ሆስፒታል መሄድ ራሱ አስፈሪ ሆነ። ያን ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት ለሜዲኬር ሕመምተኞች የስልክና የቪዲዮ ሕክምና ወጪን በሰፊው መክፈል ጀመረ። ይሁን እንጂ የፌዴራሉ መንግሥት ክፍያውን እንጂ የስቴቱን ፈቃድ ማንሣት ስለማይችል፣ ስቴቶቹ ራሳቸው በየፊናቸው የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ እያወጡ የሌላ ስቴት ሐኪም እንዲያክም ፈቀዱ። መቶ ዓመት ሙሉ አይሆንም የተባለው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሆነ።

ብዙ እናቶችና አባቶች በልጅ ልጆቻቸው ስልክ ሐኪማቸውን ማየት የለመዱት በዚያን ጊዜ ነው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ለአሥር ደቂቃ ንግግር ግማሽ ቀን ማባከኑ ቀረለት።

ግን ደግሞ ትእዛዙ የአስቸኳይ ጊዜ ነበርና አበቃ። በ2021 የቨርጂኒያው ሲያበቃ፣ ባልቲሞር የሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ከ1,000 ለሚበልጡ የቨርጂኒያ ሕመምተኞቹ የቪዲዮ ቀጠሯቸው ሊቀጥል እንደማይችል ለማስታወቅ ተገደደ። ሐኪሙ ያው ነው፤ ሕመምተኛውም ያው ነው፤ በሽታውም አልተለወጠም። ሕመምተኛው መኪናውን አስነሥቶ ድልድዩን ተሻግሮ ሜሪላንድ አንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሞ ቢደውል ግን ቀጠሮው ሕጋዊ ይሆናል። እንዴ! በሕጉ ፊት ይህ ትክክል ነው፤ ጉልበቱ ለሚያመው ሽማግሌ ግን ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ እንተዋለን።

በ2023 ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ በመካከላቸው ስምምነት አደረጉ። በዚህም መሠረት ከሦስቱ በአንዱ ንጹሕ ፈቃድ ያለው ሐኪም በሌሎቹም በአጭር መንገድ ፈቃድ እንዲያገኝ ተወሰነ። ለኛ ለወንዝ ማዶ ጎረቤታሞች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሐኪሙ ራሱ ካላመለከተና ካልከፈለ ፈቃዱ በራሱ አይመጣም። ማመልከት ደግሞ ብዙ ሕመምተኛ ላለው ትልቅ ሆስፒታል ይቀላል፤ በአንዲት ክፍል ለሚሠራ ሐኪም ግን ወጪውም ወረቀቱም ሸክም ነው።

ለኛ ምን ይጠቅመናል

ጉዳዩ እኛን ከሌላው ይልቅ የሚነካን በቋንቋ ምክንያት ነው። አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳለን አንዘንጋ፤ ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የሚሠራበት ቋንቋ ነው። ነገር ግን አስተርጓሚ ሁሉን አይተረጉምም። «ምች መታኝ»፣ «ሆዴን ባር ባር አለኝ»፣ «መንፈሴ ተጨነቀ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል? በተለይ የሐዘንና የጭንቀት ነገር ሲሆን፣ ሰው ልቡን የሚከፍተው ቋንቋውን ለሚያውቅለት ነው። አማርኛ የሚናገሩ የአእምሮ ሐኪሞች ደግሞ እንደ ሌሎቹ ሐኪሞች በየሰፈሩ አይገኙም። አንዱ ሜሪላንድ ካለ፣ ቨርጂኒያ ያለው ሐዘንተኛ፣ እንዲያውም ኦሃዮ ወይም ሚኒሶታ ያለው ወገናችን ይፈልገዋል። እድራችን ከሠልስት በኋላ ድንኳኑን ያነሣል፤ የሐዘንተኛው ጭንቀት ግን ከድንኳኑ ጋር አይነሣም። መስመሩ ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ስለሆነም አቋማችን ግልጽ ነው። ሐኪምን የሚጠይቅ አካል ይኑር፤ ያለ ፈቃድ የሚሠራም ይከልከል። ግን ደግሞ አንድ ጊዜ ተመርምሮ ንጹሕ የተባለ ሐኪም ወንዝ በተሻገረ ቁጥር እንደ አዲስ መጤ አይታይ። አንድ እድር የሌላውን እድር አባል በደብዳቤ እንደሚቀበል ሁሉ፣ ስቴቶችም እርስ በርስ ቢተማመኑ የሚጎዳ የለም።

እስከዚያው ድረስ አባላት የሚከተሉትን ቢያደርጉ መልካም ነው፦

1ኛ. የቪዲዮ ቀጠሮ ሲያዝ፣ በዚያን ሰዓት የትኛው ስቴት እንደምንሆን አስቀድሞ መናገር። ልጅ ለመጠየቅ ሌላ ስቴት የምንሄድ ከሆነም እንደዚሁ።

2ኛ. ሐኪሙ የኛን ስቴት ፈቃድ መያዙን መጠየቅ። የየስቴቱ የሐኪሞች ቦርድ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ያለ ክፍያ ይታያል። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ወላጆች ልጆቻቸው ያሳዩአቸው።

3ኛ. ወደ ሌላ ስቴት የምንዛወር ከሆነ መድኃኒት ሳያልቅና ቀጠሮ ሳይቋረጥ ቀደም ብሎ ሐኪሙን ማማከር፤ የሕክምና መዝገብንም መያዝ።

4ኛ. ከመካከላችን ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሆኑት በ2023ቱ ስምምነትና በውሎቹ ተጠቅመው በሦስቱም ቦታ ፈቃድ ቢያወጡ፣ ለወገናቸው ትልቅ ውለታ ይሆናል።

5ኛ. የሜሪላንድም ሆነ የቨርጂኒያ ምክር ቤት በየዓመቱ በጃንዋሪ ይሰበሰባል። መምረጥ የምንችል ሁሉ ለወከልነው ሰው ስልክ ደውለን ችግራችንን እንናገር። ዝም ላለ ሰው ሕግ አይወጣለትም።

በሚመጣው ዓመት ከለቅሶ ቤት ይልቅ በሠርግና በክርስትና፣ በኢድና በፋሲካ ድግስ እንድንገናኝ ምኞታችን ነው። ጤናውን ለሁላችንም ይስጠን።